ምዕራፍ 7፦ የገመዱ ጫፍ

በምዕራፍ 3 መኪና መሬትን የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ እንደሆነ፣ እያንዳንዱም ቦታ ከሰው መዳፍ ብዙ እንደማይበልጥ አይተናል። በምዕራፍ 6 ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላዎቹ፣ መሪ ሲዞር ወደ ውጭኛው ጎን እንደሚጋደል ተመልክተናል። አንድ ጥያቄ ግን ሆን ብዬ አቆይቻለሁ። ጎማ መሬቱን የሚለቀው መቼ ነው?

ሃያና ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ መልሱን አያውቀውም። ጥፋት የለበትም፤ ተጠንቅቆ ስለሚነዳ ወደዚያ ድንበር ቀርቦ አያውቅም። ከሚያውቁት ብዙዎቹ ያወቁት በአንድ ክፉ ቀን ነው፤ ሕፃን ከመንገድ ዳር ሲሮጥ ወይም ከፊት ያለው መኪና ድንገት ሲቆም፣ ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ። እንዲህ የተገኘ እውቀት ለሌላ ቀን ይጠቅም ይሆናል፤ ለዚያች ቀን ግን አይደርስም።

ይህን ድንበር በገዛ ፈቃድ፣ በባዶ ሜዳ፣ ደጋግሞ የሚያስነካ ትምህርት አለ። በአሜሪካ የአውቶክሮስ ክለቦች ለጀማሪዎች የሚሰጡት ነው። እሽቅድምድም የማይወድ አንባቢም ቢሆን ይህን ምዕራፍ እንዳያልፈው እለምናለሁ፤ የምንሄድበት ስለ እሽቅድምድም ለማወቅ ሳይሆን ስለ ጎማ ለማወቅ ነው።

## ባዶ ሜዳ፣ ኮንና ሰዓት

አውቶክሮስ ርካሽ ከሚባሉት የመኪና ስፖርቶች አንዱ ነው። አንድ ክለብ የስታዲየም መኪና ማቆሚያ ወይም ሥራ ያቆመ የአውሮፕላን ማረፊያ ለቅዳሜ ወይም ለእሑድ ይከራያል፤ ብርቱካንማ የፕላስቲክ ኮኖች ይደረድርበታል፤ በኮኖቹ መካከል ጠመዝማዛ መንገድ ይወጣል። መኪኖቹ የሚለቀቁት ተራርቀው ነው፤ ጎን ለጎን መሽቀዳደም የለም፤ ባላጋራው ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ፍጥነቱ በአገሪቱ አውራ ጎዳና ላይ ከሚፈቀደው እምብዛም አያልፍም፤ አብዛኛው ዙር በሁለተኛ ማርሽ ያልቃል።

ሰዓቱ እስከ ሰከንድ አንድ ሺህኛ ድረስ ይለካል። ኮን የጣለ ወይም ከቦታው ያስለቀቀ ሰው በእያንዳንዱ ኮን 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። በሁለት ኮኖች መካከል ያለውን በር የሳተ የዚያ ዙር ሰዓቱ አይያዝለትም። ኮኑ ቦታውን መልቀቅ አለመልቀቁ የሚታወቀው በእግሩ ዙሪያ በተሰመረ መስመር ነው፤ ተገፍቶ ግን ሳይወድቅ የመስመሩን ጫፍ ከነካ ምሕረት አለ። ይህን የሚዳኙት ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ሰው ከሚነዳበት ተራ ሌላ፣ ቀይ ባንዲራና የመገናኛ ሬዲዮ ባለበት ቦታ ሜዳው ላይ ቆሞ የወደቀ ኮን እየሮጠ የሚያነሣበት ተራ አለው። ጀማሪዎች ይህን ግዴታ መጀመሪያ አይወዱትም። እኔ ግን ከቀኑ ትምህርት ግማሹ እዚያ ያለ ይመስለኛል፤ የሌላ ሰው ጎማ ሲንሸራተት በአሥር ሜትር ርቀት ቆሞ ማየት መኪና ውስጥ ተቀምጦ የማይገኝ ነገር ነው።

ስፖርቱን በስፋት የሚመራው በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክለቡ ዘርፉን «ሶሎ» ይለዋል፤ አገር አቀፍ ሻምፒዮናው የተጀመረው በ1973 ሲሆን፣ ከ2009 ወዲህ ቤቱ በነብራስካ ግዛት የሊንከን ከተማ ነው። የቀድሞ የአየር ኃይል ሰፈር ሰፊ ኮንክሪት ላይ ከሺህ በላይ ነጂዎች ይሰበሰባሉ። በአውሮፓ «አውቶክሮስ» ሲባል በአፈርና በሳር ላይ ብዙ መኪኖች አብረው የሚጋፉበት ሌላ ስፖርት ነው፤ ስለዚያ አናወራም።

የሚገርመው የሚመጡት መኪኖች ናቸው። ባለ ሁለት ወንበሯ ማዝዳ ሚያታ እንደምትበዛ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው ሰኞ ወደ ሥራ የሚሄድበትን መኪና ይዞ ይመጣል። አዲስ አበባን የሞላችውን ቪትስ አሜሪካኖች ያሪስ ይሏታል፤ እሷም ትገባለች። ፍተሻው አጭር ነው፦ ባትሪው በደንብ ታስሯል? የፍሬን ፔዳሉ ጠንካራ ነው? የጎማ ብሎኖቹ ጠብቀዋል? ከወንበር ሥር የሚንከባለል ጠርሙስ የለም? የራስ ቁር ግዴታ ነው፤ የሌለው ብዙ ጊዜ ከክለቡ ይዋሳል። ረጃጅምና ጠባብ መኪኖች ግን ይመለሳሉ፤ ለምን እንደሚመለሱ በምዕራፍ 6 ስለ መገልበጥ ካነሣነው ግልጽ ነው።

ለአዲስ ሰው ክለቦቹ የጀማሪ ቀን ያዘጋጃሉ። የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ «ስታርቲንግ ላይን» የሚባል የራሱ ትምህርት አለው፤ «ኢቮሉሽን» የሚባለው ደግሞ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ በደረጃ ያስተምራል። የልምምዱ ዓይነትና ቅደም ተከተል ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ከሁሉም ሥር ያለው ሐሳብ ግን አንድ ነው።

## ፍየሏና ችካሏ

አንዲት ፍየል በሳር ሜዳ መካከል በችካል ታስራለች እንበል። ገመዷ 10 ሜትር ነው። ወደ ፈለገችው አቅጣጫ ትሄዳለች፤ የምትግጠው ሳር ግን ገመዱ ከሚደርስበት ክብ አይወጣም። ሰሜኑን ፍሬን፣ ደቡቡን ነዳጅ፣ ምሥራቁን ወደ ቀኝ መታጠፍ፣ ምዕራቡን ወደ ግራ መታጠፍ ብለን እንሰይም። ችካሉ መኪናው ቀጥ ብሎ በእኩል ፍጥነት የሚሄድበት፣ ጎማው ምንም ያህል የማይጠየቅበት ነጥብ ነው። የገመዱ ርዝመት ደግሞ ጎማው አስፋልቱን ሊይዝ የሚችልበት ሙሉ ጉልበት ነው።

ክቡ የቆየ የመሐንዲሶች ሐሳብ ነው። ጀርመኖች በ1930 በሽቱትጋርት የመኪና ምርምር ተቋም ባቋቋመው በመሐንዲሱ በቩኒባልድ ካም ስም «የካም ክብ» ይሉታል። ፍየሏን የጨመርኳት እኔ ነኝ።

ከዚህ ሥዕል ሦስት ነገር ይወጣል። አንደኛው፣ ጎማ ለፍሬን የተቀመጠ ጉልበት ለብቻ፣ ለመታጠፍ የተቀመጠ ለብቻ የለውም፤ ያለው አንድ ገመድ ነው። ፍየሏ 10 ሜትሩን በሙሉ ወደ ሰሜን ከሄደች ወደ ምሥራቅ አንድ ስንዝር አትራመድም። የጎማን መቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ በሌለው መኪና ላይ ሰው ደንግጦ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረግጦ መሪውን ሲያዞር የሚሆነው ይኸው ነው፦ መሪው ይዞራል፣ የፊት ጎማዎቹም ይዞራሉ፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ወደፈራው ነገር ይሄዳል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ፍየሏ 8 ሜትር ወደ ሰሜን ብትሄድ ወደ ምሥራቅ ስንት ይቀራታል? 2 ሜትር የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል፤ ትክክሉ ግን 6 ሜትር ነው። ተማሪ ቤት የተማርነው የባለ ቀጥታ ማዕዘን ሦስት ጎን ሕግ እዚህ ይሠራል፤ 6፣ 8 እና 10። 9 ሜትር ላይ ብትቆም እንኳ ወደ ምሥራቅ ከ4 ሜትር በላይ አላት። በመኪና ቋንቋ፦ ሙሉ ፍሬን ከያዘ እግር ላይ ከአሥር አንዱን እጅ ብቻ መልቀቅ ከመታጠፍ ጉልበቱ ከአሥር አራት እጅ በላይ ይመልሳል። አስተማሪዎቹ በቀኑ መጨረሻ ተማሪው ሰውነት ውስጥ እንዲቀር የሚፈልጉት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ፍሬኑን ጨርሶ መልቀቅ ሳይሆን ጥቂት ላላ ማድረግ።

ሦስተኛው፣ ገመዱ ሁልጊዜ እኩል አይረዝምም። በደረቅ አስፋልት ላይ ተራ ጎማ ያለው መኪና ፍሬን ሲያዝ በየሰከንዱ ከፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ሊቀንስ ይችላል። አስፋልቱ ሲረጥብ ይህ ወደ 18 ሊወርድ ይችላል፤ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ከ10 በታች፣ በመስተዋት በረዶ ላይ ከ4 በታች። ከአዲስ አበባ ሄዶ በዋሺንግተን ዙሪያ ታክሲ የያዘ ወገናችን የመጀመሪያው የበረዶ ወር ላይ የሚያጋጥመው ይኸው ነው፤ መኪናው ያው፣ እግሩም ያው፣ ገመዱ ግን ሲሶ ሆኗል። አገር ቤት ያለውም ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለውን የመጀመሪያ ዝናብ ያስታውስ፤ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ከውሃው ጋር ሲቀላቀል አስፋልቱ ከሐምሌ ዶፍ ይልቅ ያዳልጣል። ከዚህም በላይ አራቱ ጎማዎች አራት ገመድ አላቸው፤ ክብደት ወደ ፊት ሲጋደል የፊቶቹ ይረዝማሉ፣ የኋላዎቹ ያጥራሉ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያዙት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

## በክብ መንገድ ላይ

የመጀመሪያው ልምምድ ብዙ ጊዜ በኮን የተሠራ ክብ ነው። አስተማሪው አጠገብ ይቀመጣል፤ ተማሪው ይዞራል፣ ቀስ በቀስ ፍጥነት ይጨምራል። የክቡ ግማሽ ስፋት፣ ማለትም ከመሀሉ እስከ ዳሩ፣ 15 ሜትር ከሆነ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ገመዱ የሚያልቀው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በርጥብ ደግሞ 31 አካባቢ። ተማሪው የፍጥነት መለኪያውን ሲያይ ያፍራል፤ በቀለበት መንገድ ከዚህ እጥፍ ሄዶ ምንም ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ጎማን የሚያደክመው ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን የመታጠፊያው ጥበት ጭምር ነው፤ በቀጥታ መንገድ ላይ ፍየሏ ከችካሉ አልራቀችም።

40 ላይ ጎማው ያፏጫል። 44 ላይ መኪናው ክቡን ትቶ ወደ ውጭ ይሄዳል። ተማሪው አራት ኪሎ ሜትር ብቻ እንደጨመረ ያስባል፤ ከጎማው የተጠየቀው ግን በ21 በመቶ አድጓል፤ ምክንያቱም ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ጉልበት የሚያድገው እንደ ፍጥነቱ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ለዚህ ነው ሰው «ደህና ነበርኩ፣ ድንገት ከዳኝ» የሚለው። ድንገት አልነበረም፤ ሒሳቡ ከዓይኑ ቀድሞት ነው።

ቀጥሎ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ ነው። መኪናው አልታጠፍ ሲል ተማሪው መሪውን ይበልጥ ያዞራል። ምንም አይመጣም፤ እንደገና ያዞራል። አስተማሪው የሚለው ተቃራኒውን ነው፦ «መሪውን መልስ፤ እግርህን ከነዳጁ ትንሽ አንሣ።» ገመዱ ያለቀባት ፍየል ብትገፋ አንገቷ ይጠመዘዝ እንደሆነ እንጂ ወደፊት አትሄድም። ፍጥነቱ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር እንደወረደ ግን ጎማው መልሶ ይነክሳል፤ መኪናው ወደ ክቡ ይገባል። ተማሪው ይህን በእጁ ሲያውቀው ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ደስ ይለኛል።

ስለ ፉጨቱ አንድ ነገር ልጨምር። በከተማ ጎማ ማስጮህ የባለጌ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ጀማሪው ድምፁን ሲሰማ ይደነግጣል፣ ይቅርታ የሚጠይቅም አለ። ጎማ ግን ከሁሉ አጥብቆ የሚይዘው ምንም ሳይንሸራተት ሳይሆን በጥቂት ዲግሪ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ሳለ ነው። ለስለስ ያለው ፉጨት ጫፉ መቅረቡን ይናገራል፤ ሻካራው ጩኸት ማለፉን። ሜዳው ላይ ጆሮ የሚማረው ይህን ልዩነት ነው።

## እስከ መጨረሻው ፍሬን

ሁለተኛው ልምምድ ቀጥታ መስመር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ድረስ መፍጠን፣ ከሁለቱ ኮኖች ሲደረስ በሙሉ ኃይል መቆም። ከዚህ የቀለለ የሚኖር አይመስልም፤ ብዙ ተማሪዎች ግን በመጀመሪያው ሙከራ አያደርጉትም። ቶሎ ይረግጣሉ፣ አጥብቀው አይረግጡም። መርሴዲስ ቤንዝም ይህንኑ ነበር በማሽከርከር ማስመሰያ ጥናቶቹ ያየው፤ ሰው በድንጋጤ ጊዜ እግሩ ፈጣን ቢሆንም ደካማ ነው። በ1996 የጎደለውን ኃይል ራሱ የሚሞላ የፍሬን አጋዥ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ልዩነቱ በሜትር ይታያል። ገመዱን በሙሉ የተጠቀመ ሰው ከ60 ተነሥቶ ለመቆም 17 ሜትር ያህል ይበቃዋል። ግማሹን የተጠቀመ 35 ሜትር ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ከአራት ቪትስ በላይ ያሰልፋል።

በሁለተኛው ሙከራ ተማሪው ይጨክናል። ያኔ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ የመፍጨት ድምፅ ይሰማል፣ እሱም መኪናው የተሰበረ መስሎት እግሩን ያነሣል። የተሰበረ ነገር የለም። ከ1978 ጀምሮ ቀስ በቀስ በየመኪናው የገባው፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤ.ቢ.ኤስ. ሥራውን መጀመሩ ነው፤ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ፍሬኑን ላላና ጠበቅ እያደረገ ጎማውን ገመዱ ጫፍ ላይ ይይዘዋል። ከዓመታት በፊት የገዛውን መሣሪያ ሰው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ይሰማዋል። ሦስተኛው ሙከራ ላይ እግሩ አይነሣም። አራተኛው ላይ አስተማሪው ፍሬኑን እንደያዘ መሪውን ወደ ጎን እንዲያዞር ያዘዋል፤ መኪናውም ይታዘዛል፤ መሣሪያው ለመታጠፍ የሚሆን ጥቂት ገመድ ያስቀርለታልና።

## ዓይን ከእጅ ይቀድማል

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል። የሚገርመው ከእጅም ከእግርም ጋር የሚያገናኘው ነገር ጥቂት ነው።

ጠዋት ማንም ከመንዳቱ በፊት መንገዱ በእግር ይሄድበታል። ጀማሪው ኮኖቹን እየቆጠረ ይራመዳል። ልምድ ያለው ግን በየቦታው እየቆመ፣ አንዳንዴም ቁጢጥ እያለ፣ ከሾፌር ወንበር ከፍታ ቀጣዩ በር የት እንደሚታይ ይመለከታል። ምክንያቱ መኪና ውስጥ ሲገባ ይገባል፤ ከዚያ ከፍታ ሲታይ ሜዳው ሁሉ አንድ ብርቱካንማ ውጥንቅጥ ነው። ለዚህ ሲባል በጎናቸው የተጋደሙ ኮኖች ጫፋቸውን ወደ ቆመው ኮን አድርገው ይቀመጣሉ፣ በየትኛው ወገን ማለፍ እንደሚገባ ለማሳየት። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ዙር መንገድ የሚስት ብዙ ነው፤ ማንም አይስቅበትም።

በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ከፊቱ ያለውን ኮን የሚያይ ሰው የሚያየው ምንም ሊያደርግበት የማይችለውን ቦታ ነው፤ አይቶ፣ ወስኖ፣ እጁ እስኪንቀሳቀስ ኮኑ አልፏል። በ1994 ማይክል ላንድና ዴቪድ ሊ «ኔቸር» ላይ ባወጡት ጥናት የአሽከርካሪዎችን ዓይን ተከታትለው፣ ሰው ወደ ኩርባ ሲገባ መሪውን ከማዞሩ አንድ ሁለት ሰከንድ አስቀድሞ ዓይኑን በኩርባው ውስጠኛ ዳር ላይ እንደሚያሳርፍ አሳይተዋል። ማንም ሳያስተምረን በተራ መንገድ የምናደርገው ነገር ነው። ኮን ሲበዛና ልብ ሲመታ ግን ዓይን ወደ መኪናው አፍንጫ ይወርዳል። የአስተማሪው ዋና ሥራ ታዲያ ከጎን ተቀምጦ በጣቱ ወደ ሩቅ እየጠቆመ «ወደዚያ! ወደዚያ!» ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሲል ይውላል፤ ድምፁ እስኪዘጋ።

ይህ ከገመዱ ጋር ምን አገናኘው? በመስመር የተተከሉ ኮኖችን በግራና በቀኝ እየቀያየሩ ማለፍን እንመልከት፤ ስላሎም ይሉታል። ተማሪው የመጀመሪያውን ኮን ካለፈ በኋላ መሪውን ያዞራል። ትንሽ ዘግይቷል፤ ወደ ሁለተኛው ለመድረስ ይበልጥ ማዞር አለበት። በሁለተኛው ላይ ይበልጥ ይዘገያል፤ በሦስተኛው ደግሞ ከዚያም በላይ። መኪናው ቀጥ ባለ መስመር ፈንታ እየሰፋ የሚሄድ እባብ ይሆናል። አራተኛው ወይም አምስተኛው ኮን ላይ ገመዱ ያልቃል፤ ኮኑ ይወድቃል። ተማሪው ጥፋቱን አምስተኛው ላይ ይፈልጋል። ጥፋቱ ግን የተሠራው የመጀመሪያው ላይ ነው፤ መድኃኒቱም ኮኑ ጋ ከመድረስ በፊት ማዞር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ዓይን ሁለት ኮን ቀድሞ መሄድ አለበት።

ዓይን ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜ ያለው እጅ አይቸኩልም። እየሮጠች ገመዱ ጫፍ የደረሰች ፍየል አንገቷን ትሰበቃለች፤ እየተራመደች የደረሰች ግን ጫፉን ብቻ ታውቃለች። ጎማም ድንገት ሲጠየቅ ይለቃል፤ ያንኑ ያህል ቀስ ተብሎ ቢጠየቅ ይሰጥ ነበር። «ለስላሳ ሁን» የሚለው የአስተማሪዎች ምክር ስለ ጨዋነት የሚመስላቸው አሉ፤ የፊዚክስ ጉዳይ ነው።

## ጫፉን ይዞ መዞር

ከሰዓት በኋላ ቁርጥራጮቹ ይገጣጠማሉ። ጀማሪው የሚነዳበትን መንገድ በፍየሏ ክብ ላይ ብንስል እንዲህ ነው፦ ወደ ሰሜን ሄደች፣ ወደ ችካሏ ተመለሰች፣ ወደ ምሥራቅ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ወደ ደቡብ ሄደች። ፍሬን፤ ከዚያ መታጠፍ፤ ከዚያ ነዳጅ። እያንዳንዱ ለብቻው። በኪስ የሚገቡ መለኪያዎች ዛሬ ይህንን በነጥብ ይስሉታል፤ የጀማሪው ሥዕል መስቀል ይመስላል፣ የጎበዙ ደግሞ ክብ። ጎበዙ ገመዱን ሳያላላ ጫፉን ይዞ ይዞራል፤ ፍሬኑን በለቀቀ መጠን መሪውን ያዞራል፤ መሪውን በመለሰ መጠን ነዳጅ ይጨምራል።

ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው ይህን አያስተምሩም? ያዙት ያልኩት ነጥብ እዚህ ይመጣል። ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማዎች ገመድ ያጥራል። በዚያ ሰዓት መሪውን በኃይል ያዞረ ሰው የኋላዎቹ ቀድመው ይለቁበታል፤ የመኪናው ጀርባ ፊቱን ሊቀድም ይነሣል። በሰፊ ሜዳ ላይ ውጤቱ አንድ ዙር መሽከርከርና ጥቂት የተበተኑ ኮኖች ናቸው፤ መንገድ ላይ ግን ውጤቱን ማሰብ አያስፈልግም። ስለዚህ አስተማሪዎች «ቀጥ ብለህ ፍሬን ያዝ፣ ልቀቅ፣ ከዚያ ታጠፍ» ብለው ይጀምራሉ፤ መስቀሉን አስቀድመው፣ ማዕዘኖቹን ቆይተው ይሞላሉ።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ከቀኑ አንዱ ሰዓት ላይ አስተማሪው የተማሪውን መኪና ራሱ ይነዳል፤ ተማሪው ከጎን ይቀመጣል። ያው መኪና፣ ያው ጎማ፣ ያው መንገድ፤ በሰከንዶች የፈጠነ ዙር። መኪናው ደካማ ስለሆነ ነው የዘገየሁት ሲል ያረፈደ ሰው ከዚያ በኋላ ስለ አዲስ ጎማ ዋጋ መጠየቁን ለጊዜው ይተዋል።

## ትምህርቱ የሚያታልልበት ቦታ

እስካሁን አድናቂ ሆኜ ጽፌአለሁ። አሁን ሌላውን ጎን ማንሣት ይገባኛል፤ ጫፉን ማወቅ ሁልጊዜ ከአደጋ ያርቃል ማለት አይደለም።

ኖርዌይ አንድ ጊዜ ለአዲስ አሽከርካሪዎች በሚያዳልጥ ሜዳ ላይ የግዴታ ሥልጠና ትሰጥ ነበር። በ1980ዎቹ ውጤቱ ሲገመገም ወጣት ወንዶች ላይ አደጋው ከመቀነስ ይልቅ ጨምሮ ተገኘ። በ1996 ስዊድናዊው ተመራማሪ ኒልስ ፔተር ግሬገርሰን ወጣቶችን በሁለት ቡድን ከፍሎ፣ አንዱን ፍሬን ይዞ መሰናክል የማምለጥ ብልሃት አሠለጠነ፤ ለሌላው ደግሞ ያ ብልሃት አስተማማኝ አለመሆኑን በራሱ ሙከራ እንዲያየው አደረገ። በኋላ ሲለኩ በችሎታ ልዩነት አልነበራቸውም። በራሳቸው ግምት ግን የመጀመሪያው ቡድን ይበልጥ ጎበዝ ነኝ ብሎ ያምን ነበር።

ይህ የአውቶክሮስን ትምህርት አያፈርሰውም፤ ለምን ሰዓትን ከትምህርቱ መለየት እንደሚሻል ግን ይነግረናል። በአሜሪካ ከ2002 ጀምሮ ለወጣት አሽከርካሪዎች የሚሰጠው «ስትሪት ሰርቫይቫል» ያንኑ ሜዳ፣ ያንኑ ኮን፣ ያንኑ የፍሬንና የክብ ልምምድ ይጠቀማል፤ ሰዓት ግን አይይዝም፣ አሸናፊም የለውም። ገና መንጃ ፈቃድ ለያዘ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከሁለቱ የትኛውን ትመርጣለህ ብባል ሳላመነታ ይህን እመርጣለሁ። ሰዓት ያለበት ትምህርት የሚስማማው ጫፉን ለማሸነፍ ሳይሆን ለማወቅ ለመጣ ሰው ነው፤ ሁለቱን በመልክ መለየት ደግሞ ለአስተማሪም ይከብዳል።

በዚያ ላይ የሜዳው ገመድ የታወቀ ነው። ጠዋት በእግር ተሄዶበታል፣ ጠጠሩ ተጠርጓል፣ የሚገባ እግረኛ የለም፣ ያንኑ መታጠፊያ አምስተኛ ጊዜ የሚመጣበት ሰው ከአራተኛው ተምሯል። ከደብረ ሲና ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ከኩርባው ወዲያ የፈሰሰ ናፍጣ ይኑር ጭቃ ማንም አስቀድሞ አይነግርም። እዚያ የሚነዳ ሰው የገመዱን ርዝመት ሊገምት ይችላል እንጂ ሊለካው አይችልም።

የሚለካው ሌላ ነገር አለ። ከ1995 ጀምሮ በመርሴዲስ ታይቶ፣ በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል አንሥቶ በሁሉም አዳዲስ ቀላል መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው የመረጋጋት መቆጣጠሪያ፣ አሽከርካሪው መሪውን ወዴት እንዳዞረና መኪናው ወዴት እየዞረ እንደሆነ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ያነጻጽራል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የአንዱን ጎማ ፍሬን ብቻ ይይዛል። የትኛውን ጎማ፣ ለምንስ ያንን ብቻ እንደሚይዝ የሚቀጥለው ምዕራፍ ጉዳይ ነው።